ባለሙያውና ባለአርባ ቁልፏ ኮምፒውተር

ነይ ግቢ... ጫማሽን ተዪው፣ ወለሉ እንደሆነ ክርና ቁርጥራጭ ጨርቅ ነው፣ ከዚህ በላይ አይቆሽሽም። ቦርሳሽን ወንበሩ ላይ ጣል አድርጊውና ይቺ ሳጥን ላይ ውጪልኝ። እንደሱ። ቀጥ በዪ። ትከሻሽን ግን ዘና አድርጊው እንጂ፣ ተማሪ የምትቀጪ አስመሰልሽው። እንዴት ሰነበትሽ ለመሆኑ? ልጆቹስ? ጉልበትሽስ ተሻለሽ? እኔማ ደህና ነኝ፤ ዓይኔ የመርፌ ቀዳዳ ማግኘት ላይ መለገም ጀምሯል እንጂ ምላሴ እንደምታውቂው ነው።

ሰው ፊት «ዳይሬክተር» እያልኩ አንቱ እልሻለሁ። እግርሽ ሥር ተንበርክኬ የቀሚስሽን ጫፍ ስይዝ ግን አንድ ግቢ አብረን ገመድ የዘለልን ልጅ ነሽ፤ ቅር አይበልሽ።

ቀሚሱስ አምሮብሻል። ትንሽ ረዝሟል... ወይስ አንቺ ነሽ ያጠርሽው? አትሳቂ፣ ትወጊያለሽ። ሁለት ጣት እናነሳዋለን፣ አለቀ። ከሰዓት ለውሉ ፊርማ ትደርሺያለሽ።

አዎ ሰምቻለሁ። ማን ያልሰማ አለ? ትምህርት ቤትሽ ሃያ አምስት ኮምፒውተር መጣለት፣ ያውም ተበትኖ። መጀመሪያ ሲነግሩኝ መንገድ ላይ የተሰባበረ መስሎኝ አዝኜልሽ ነበር። ለካ እንዲያ ሆኖ ነው የሚሸጠው። ፖስታው ሲከፈት ቦርዱ ለብቻው፣ ስክሪኑ ለብቻው፣ የሚጻፍበት ቁልፍ በከረጢት፣ ዓይን የማይሞላው ኮተት ሁሉ በሌላ ከረጢት። ገዢው ራሱ ተቀምጦ እየበየደ ይገጣጥመዋል፤ ሲያልቅ መዳፍ የምታህል ኮምፒውተር ትሆናለች፤ የፈለገውን ፕሮግራም ይጽፍባታል። በእኛ ሙያ ብትይው የተቆረጠ ጨርቅ ከነዚፑ ገዝቶ ቤት ወስዶ መስፋት ማለት ነው። ደስ ይላል። የተሰፋ መልበስ ማንም ይችላል።

በሩ ላይ የለጠፍሽውን ማስታወቂያም አንብቤዋለሁ። ሁለቴ ነው ያነበብኩት። «የትምህርት ማስረጃ አንጠይቅም፤ በገዛ እጁ ገጣጥሞ የሠራትን ኮምፒውተር ይዞ የቀረበ ይወዳደራል፤ ያሸነፈ ተማሪዎቹን ያስተምራል» ትላለች። እኔ ጥቅል የተጠቀለለበትን ጋዜጣ እያነበብኩ ፊደል የጠገብኩ ሴት፣ እንዲህ ያለ ማስታወቂያ ሳይ ሆዴ ይባባል። «በገዛ እጁ»... ምን የመሰለች ቃል። ለስንቱ ሰው በአንድ ጀንበር እጅ አበቀለችለት መሰለሽ።

ምነው መጋረጃውን አየሽው? ኧረ አትደንግጪ፣ የእህቴ ባል ነው። አንቺው ለመምህርነት የመረጥሽው። ለዛሬው ፊርማ ይሆነኛል ያለው ሱሪ አልዘጋ ብሎት ሌላ እየሞከረ ነው። ሰላምታውን በኋላ ትሰጪዋለሽ፣ ሱሪ ያላጠለቀ ሰው ሰላም ማለት ለሁለቱም ወገን አይመችም። ይሰማናል? ቢሰማንስ ምን አለ፣ ስለ እሱ አይደለም የምናወራው። ስለ እሱ ምን ይወራል? ቤት ወዳድ ሰው ነው። የቤቱን ዕቃ ሁሉ እንደ ራሱ አድርጎ ነው የሚያየው።

እኔ የማወራሽ ስለ ሌላ ሰው ነው። አንድ የማውቀው ሰው አለ... ስሙን ተዪው። ስም ላላነሳ በአባቴ አፅም ምያለሁ፤ አንዲት የምወዳት ሴት እጄን ይዛ ነው ያስማለችኝ። መሐላ እንደ ክር ነው፣ ቢበጠስ ይቋጠራል የሚሉ አሉ። እኔ ግን በሥራዬ ላይ ቋጠሮ አልወድም። ስለዚህ ስም የለም። «ባለሙያው» እንበለው፤ ቢሰማ ደስ ይለዋል፣ ሲጠሩት የሚወደው እንደዚያ ነው።

ይኸውልሽ፣ ባለሙያው ቢሮ ውሎ የሚገባ፣ እሑድ እሑድ ደግሞ ትልቅ ነገር የሚያስብ ሰው ነው። አንድ እሑድ ታዲያ ሰዎች ቤታቸው ተቀምጠው ኮምፒውተር እንደሚገጣጥሙ አነበበ። አዘዘ። የመጣ ቀን ጎረቤቱን ሁሉ ጠርቶ ፖስታውን አሳየ። ውስጡን አይደለም፣ ፖስታውን። ከዚያ ዝግጅት ተጀመረ... ዝግጅቱን ብታይው። መነጽር ገዛ፤ ዓይኑ ደህና ነው። ነጭ ጋዋን አሰፋ፤ የሰፋሁለት እኔ ነኝ፣ ሦስት ኪስ አለው፣ አንዱ ለእስክሪብቶ፣ ሁለቱ እጅ ለመክተቻ። እጅ የሚከተትበት ኪስ ሁለት መሆኑን አጥብቆ ነው ያሳሰበኝ። ሚስቱን ደግሞ «ልጆቹን ጸጥ አሰኚልኝ» አላት። ልጅ የላቸውም። የመንገዱን ልጆች ማለቱ ነው።

ከፖስታው ጋር ሃያ ገጽ መመሪያ አብሮ መጥቷል። ባለሙያ ሰው ግን መመሪያ ያነባል? መመሪያ የሚያነብ የማያውቅ ሰው ነው፤ እንደኔና እንደ... እንደኔ ያለ። እሱ ሳያገላብጠው መሳቢያ ውስጥ ከተተውና ሥራ ጀመረ።

ፍጥነቱን ልንገርሽ። አርባ ቁልፍ አላት ኮምፒውተሯ። ሽንብራ የምታክል አርባ ቁልፍ፣ እያንዳንዷ አራት እግር አላት፣ እያንዳንዱ እግር በቦርዱ ቀዳዳ ገብቶ በቀለጠ እርሳስ ይያዛል። መቶ ስድሳ እግር። አንድ እሑድ ተቀምጦ፣ ውኃ እንኳ ሳይል፣ መቶ ስድሳውን በየደው። ይሄ እውነት ነው፣ ሐሜት አይደለም። ሲጨርስ ጠርቶን ሄደን አየነው። ሰልፉን ብታይ፣ አንዱ ካንዱ ፍንክች አላለም። እኔ እንኳ ዓይኔ የመርፌ ቀዳዳ በሚያይበት ዕድሜ እንዲህ ቀጥ ያለ ስፌት ሰፍቼ አላውቅም። አንዲት ትንሽ ነገር ብቻ ነበረች...

ቁልፎቹ በጀርባ ናቸው።

አልሰማሽኝም? በጀርባ። ስክሪኑ ወደዚህ ያያል፣ ቁልፎቹ ወደዚያ ያያሉ። ስታነቢ መጻፍ አትችይም፣ ስትጽፊ ማንበብ አትችይም። ቦርዱን ገልብጦ ይዞ ነው እሑዱን ሙሉ የበየደው። ኧረ ቀስ፣ አትሳቂ አልኩሽ፣ ጠርዙ ይጣመምብኛል።

እኛ ልብስ ሰፊዎች ይቺን ነገር እናውቃታለን። እጅጌን ገልብጦ መስፋት የጀማሪ ጣጣ ነው፣ ሁላችንም አልፈንበታል። ጀማሪ ግን «ውይ ተሳሳትኩ» ይላል። ባለሙያው ምን ይበል ታዲያ? «ሆን ብዬ ነው» አለ። «ምስጢር የሚጽፍ ሰው ማንም እንዳያይበት ነው» አለ። እውነቱን ነው፣ ራሱም አያይም። እንዲህ ያለ አርቆ አሳቢ የት ይገኛል? ከርቀቱ ብዛት ጠረጴዛው ላይ ያለውን ገጽና ጀርባ ለመለየት ጊዜ ያጣ። ከዚያ «ከዘመኗ ቀድማለች» ብሎ፣ ዘመኗ እስኪደርስ መሳቢያ ውስጥ አስተኛት። ከመመሪያው አጠገብ። ሁለቱ ሳይተዋወቁ አብረው ተኙ።

ክንድሽን ከፍ አድርጊልኝ... በቃ አውርጂው።

የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይላሉ አይደል? በዚያ ቤት ግን የቸኮለው ያፈሳል፣ ያልቸኮለችው ትለቅማለች። እንግዲህ ትዳር ማለት ሥራ መከፋፈል ነው።

በዚያ ቤት አንዲት ሴት አለች። እንደኔ ቤት ባለ አንድ ልብስ ስፌት ቤት ውስጥ ትውላለች አሉ፤ ሙያዋ መተርተር ነው። ሰው ይሄን እንደ ሙያ አይቆጥረውም። ሰፊ ሁሉ «እኔ የሰፋሁት» ይላል፤ «እኔ የተረተርኩት» ብሎ ደረቱን የሚነፋ ሰው አይቼ አላውቅም። ግን ያሮጌ ካፖርት ስፌት ክሯን ብቻ ለይቶ፣ ጨርቁ ሳያውቅ ማውጣት... እሱን የሚችል እጅ በብዙ ሺህ አንድ ነው። ስምንተኛ ክፍል ላይ ነው ትምህርት ያቆመችው። ሒሳብ አንደኛ ነበረች አሉ። ታላቅ እህቷ ናት ያስቆመቻት፣ የስፌት መኪና የሚረግጥ እግር ጠፍቶ። ያቺን ታላቅ እህት ባገኛት ብዙ የምላት ነበረኝ... በመስታወት ካልሆነ አላገኛትም እንጂ።

እና ልጅት መሳቢያውን ከፈተች። መጀመሪያ ያወጣችው ኮምፒውተሯን አይደለም፣ መመሪያውን ነው። መዝገበ ቃላት ተውሳ፣ ቃል በቃል እየፈታች፣ ሃያውን ገጽ ጨረሰችው። ከዚያ ሥራ ሲላላ፣ ቀን ቀን፣ መስኮት ሥር ቁጭ ብላ መተርተር ጀመረች። የእርሳስ ስፌት። የመበየጃውን ካውያ አንዷ እግር ላይ ታሳርፋለች፣ እርሳሱ ውኃ ሲሆን በቀጭን የመዳብ ሽቦ ጥልፍልፍ ታስመጥጠዋለች፣ እግሯ ትለቃለች፣ ወደ ቀጣዩ። ቸኩለሽ ብትጎትቺው ቦርዱ ላይ ያለው መስመር ተልጦ ይመጣል፣ ያኔ አለቀለት። መቶ ስድሳ እግር። አሥራ አንድ ቀን ፈጀባት። አንድም መስመር አልላጠችም። በአንድ እሑድ የተገነባውን በአሥራ አንድ ቀን... ምን ዓይነት ቀርፋፋ ሴት ናት በዪኝ?

ገልብጣ በትክክለኛው ፊት መለሰቻቸው፣ ስክሪኑን አስቀመጠች፣ ባትሪ ከተተች። ጭጭ። ሌላ ሰው ቢሆን ወርውሮ ይነሳ ነበር። እሷ ከመጀመሪያዋ ቁልፍ ጀምራ እያንዳንዷን እግር ፈተሸች፤ መቶ አሥራ ሰባተኛዋ ላይ ስትደርስ እርሳስ ያልነካት እግር አገኘች። ነካቻት። ስክሪኑ ጥግ ላይ አንዲት ነጥብ ብልጭ ድርግም አለች። አለቀሰች አሉ። ሰው ለነጥብ ያለቅሳል? እዚያ የነበረችው ታላቅ እህቷም... ተዪው፣ ሁለቱም ሞኞች ናቸው።

ዞር በዪልኝ። ቀስ። እሺ፣ ጀርባው ደህና ተቀምጧል።

ከዚያ ፕሮግራም ጻፈችባት። ምን ትጻፍ? የምታውቀውን ነዋ። የሰውየውን ልክ ታስገቢያለሽ፣ የጨርቁን ስፋት ታስገቢያለሽ፣ ስንት ሜትር እንደሚበቃ ይነግርሻል። የእኛን ፊደል አላውቅም ስትላት ደግሞ አራት ማዕዘን በተሰመረበት ደብተር ላይ ነጥብ በነጥብ ሥላ አስተማረቻት። ያቺ ልብስ ቤት ሁለት ወር ጨርቅ ሳታባክን ሠራች አሉ። ባለሙያው ይሄን ሁሉ ያውቅ ነበር ወይ? ያውቅ ነበር እንጂ። ሲያያት «መጫወቻሽን አንሺልኝ» ነበር የሚላት። በፍቅር ነው።

ኋላ ያንቺ ማስታወቂያ ወጣ።

እዚህ ላይ ነው የኮምፒውተሯ ጉዞ የሚገርመኝ። ማስታወቂያው ጠዋት ወጣ፤ ጠዋት «የሷ» ነበረች። ምሳ ላይ «የኛ» ሆነች። ራት ላይ «የኔ» አላት። በአንድ ቀን ይሄን ያህል አገር ያቋረጠች ዕቃ አይቼ አላውቅም፣ ያውም ካንድ ጠረጴዛ ሳትነሳ።

ልጅቱ የውድድሩን ቅጽ አምጥታ ሞልታው ነበር አሉ። በዚያች ልቅም ባለች ጽሕፈቷ፣ ኮምፒውተሯ ምን እንደምትሠራ፣ እንዴት እንደተገጣጠመች፣ ሁሉንም። የአመልካች ስም የሚለውን ለመጨረሻ ትታው ነበር፤ የራሷን ስም ትልቅ ወረቀት ላይ ጽፋ ስለማታውቅ እጇን አደናገራት። ባለሙያው አዘነላትና እሱ ጨረሰላት። አንድ መስመር ናት፣ ምን ትከብዳለች? ቅጹ አንቺ ጋ አለ አይደል... ባለሁለት ጽሕፈት ቅጽ ካየሽ ያው የትዳር መተጋገዝ መሆኑን ዕወቂልኝ።

በውድድሩ ዕለት አንቺም እዚያ ነበርሽ። ነጭ ጋዋን የለበሰ ሰው ቀርቦ ነበር አሉ። ሌላ ሰው ይሆናል፤ ጋዋን የሚለብስ ብዙ ነው። ኮምፒውተሯን ሲያበራት «ወገብ?» ብላ ጠየቀች አሉ። አንቺም «ወገብ ምንድን ነው?» አልሽው። ሲመልስ ጉሮሮውን ጠርጎ፣ «የባትሪው ኃይል ከላይ ወርዶ መሃል ሲደርስ የሚለካበት ቦታ ነው» አለሽ። ቀጥላ «ዳሌ?» አለች። «ይሄስ?» ብትዪው፣ «እሱ ትንሽ ሰፋ ያለ ጉዳይ ነው» አለ አሉ። ሃያ ሰው ደብተር አውጥቶ ጻፈው። አንቺም ጻፍሽ አሉ። እኔ እዚያ ባለመኖሬ እስከዛሬ ይቆጨኛል። ሰው ስላላነበበው ነገር እንዲያ አፍ የሚያስከፍት ንግግር ሲያደርግ በዓይን ማየት ነበረብኝ።

እስቲ ክንድሽን አንሺ፣ የቀበቶውን ቦታ ልለካ። ወገብ... ሰማንያ ሁለት። ዳሌ... መቶ አራት። ቁመት... ምነው? ምን ሆንሽ? ወፍረሻል አላልኩሽም እኮ። አይ፣ ልክ ስንለካ እንዲህ ነው የምንለው፣ ወገብ፣ ዳሌ፣ ቁመት፤ የተለየ ነገር አላልኩም። ምን ያስቅሻል? ደግሞ ምን ያስቆጣሻል? ባንድ ፊት ሁለቱን አታድርጊ፣ ሳጥኑ ያንገዳግድሻል።

ወንድሜ፣ መጋረጃው ኋላ ሳሉ በረታብህ? የክር ብናኝ ነው፣ መስኮቱን ከፈት አድርገው።

እኔ ባለሙያውን አልነቅፍም። ሰው እጁን ጠብቆ መኖር አለበት። እጆቹን አይተሻቸዋል? አንድ የተቃጠለ ቦታ የላቸውም። ልጅቱን ብታያት ሁለቱ ጣቶቿ ጫፋቸው እንደ ቆዳ ጠጥሯል። እንግዲህ ተማሪ ፊት የትኛው እጅ ያምራል? ተማሪ ደግሞ መልክ ያያል። ሃያ አምስት ልጅ ሃያ አምስት ቦርድ ይዞ «መምህር፣ ቁልፉ በየትኛው ፊት ነው?» ሲለው፣ «እንዳሻችሁ» የሚል መምህር ከየት ይገኛል? ሁሉም በየፊናው ይበይዳል፣ ማንም አይሳሳትም፣ ሁሉም ከዘመኑ ይቀድማል። መሳቢያ ብቻ አዘጋጂ። ሃያ አምስት መሳቢያ።

ልጅቷን አንድ ቀን ጠየቅኋት። ለምን ዝም ትያለሽ አልኳት። «እሱ ሰው ፊት ያፍራል፣ ተዪው» አለችኝ። «ቤቴ ሰላም ይደር» አለች። እኔም፣ ቤት ባንድ ሰው ጀርባ ላይ ሲቆም ቤት ነው ወይስ ሸክም አልኳት። የሰው እጅጌ ትተረትር ነበር፤ ክሯ እስክታልቅ ቀና አላለችም። ከዚያ «በትምህርት ቤቱ በር ሳልፍ፣ የጠመኔው ሽታ እስከ መንገዱ ይመጣል» አለች። ከዚህ በላይ ምን ትበል? ስምንተኛ ክፍል በር ላይ ስትደርስ መልሰዋታል። አሁን ደግሞ በዚያው በር በመምህርነት ልትገባ አንድ መስመር ሲቀራት...

ተዪው። የሰው ጉዳይ ነው፣ ምን አገባኝ።

ብቻ አንድ ሐሳብ አለኝ። ምክር እንዳትዪው፤ ሰፊ ዳይሬክተርን አይመክርም። የአክብሮት ነገር ነው። እንዲህ ያለ ባለሙያ ወረቀት ላይ ፈርሞ ብቻ ሲቀጠር ክብሩ ይጎድላል። ሰባኪ «እስቲ አንድ ቃል አሰማን» ቢባል ይከፋዋል? ዘፋኝ «እስቲ አንዴ» ቢባል ይደበቃል? ካልተከፈቱት ፖስታዎች አንዱን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጪለትና «እስቲ ዓይናችን ይጥገብ» በዪው። አንድ ሰዓት ይበቃዋል። መቶ ስድሳውን በአንድ እሑድ የጨረሰ ሰው፣ አንዲት ቁልፍ እንኳ...

ኧረ ወዴት ነው? መርፌው ገና አልተነቀለም፣ ቀስ ብለሽ ውረጂ። ቦርሳሽን? ይኸው። ምንድን ነው ያወጣሽው... አንቺ ሴት። ፖስታውን ይዘሽው ትዞሪያለሽ እንዴ? ሃያ ስድስተኛው፣ ለመምህሩ መለማመጃ ተብሎ በትርፍ የተላከው? ጉድ ነው እቴ። እኔ እኮ ጨዋታዬን ነበር። ጠረጴዛውን ልጥረግልሽ? ይሄን ጨርቅ ላንሳው... እሺ፣ እዚህ አድርጊው። ውሉንስ ለምን ወደ ቦርሳሽ መለስሽው? እስክሪብቶውንም? ይሁን፣ አንቺ ታውቂያለሽ።

ማንን? ታናሽ እህቴን? እሷን ደግሞ ለምን ፈለግሻት? ክር ልትገዛ ማዕዘኑ ሱቅ ድረስ ወጥታለች፣ አሁን ትመለሳለች። ታገኝሻለች፣ ተቀመጪ። ስትመጣ ግን አደራ፣ እኔ አንድም ስም እንዳላነሳሁ መስክሪልኝ። አነሳሁ? አላነሳሁም። የአባቴ አፅም በሰላም ይረፍ።

እንኳን ወጣህ ወንድሜ። ሱሪው ልክህ ሆነ አይደል? አምሮብሃል። ግንባርህን ጥረገው፣ አላበህ፤ ክፍሉ ይሞቃል። ዳይሬክተራችን እንደሆነች ሰላም ትልሃለች፤ ስለ አንተ ሳይሆን ስለ አንድ ሌላ ሰው ስናወራ ነበር፣ አንተ አታውቀውም። እሷ ግን አንተን ልታከብርህ ፈልጋ ይኸው ፖስታ አምጥታልሃለች፣ ያልተከፈተ። በል ቁጭ በል። ወንበሩን ልሳብልህ። መመሪያው ውስጡ አለ፣ ለአንተ ግን ምን ያደርግልሃል። ካውያውም ይኸው እዚህ መስኮቱ ሥር... አይ፣ እሱን አስቀምጠው፣ እሱ የልብስ ነው። ይቺ ቀጭኗ። የማን እንደሆነች አትጠይቀኝ፣ ብቻ ያዛት፣ በእንጨቱ በኩል ነው የምትያዘው።

ከመጀመርህ በፊት ልመርቅህ፤ ታላቅህ ነኝና ምርቃቴ ይደርሳል። እግዜር ዓይንህን ያብራልህ። የተመኘኸውን ወንበር ይስጥህ፤ ሃያ አምስቱም ተማሪ ይክበቡህ፣ ሃያ አምስቱም ጠያቂ ይሁኑልህ። ሚስትህን ያሳርፍልህ፤ ከዛሬ ጀምሮ አንዲት ነገር ሳታግዝህ ትዋል። አንተንም፣ ወንድሜ፣ ዕድሜ ልክህን በገዛ እጅህ ሙያ ብቻ ያኑርህ።